ሞተር ኃይል በተቋረጠበት ጊዜ፤ ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአርሲ፣ በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከምትገኘው ከሁሩታ ከተማ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ፣ አገሩ ቁልቁል መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የደጋው ብርድ እየቀረ የቆላው ሙቀት እየበረታ ሲሄድ ራሱ አካሉ ይነግረዋል። በዚህ ቁልቁለት ስንዴ ጭኖ የሚወርድ የመኪና ነጂ ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል። ወይም መኪናውን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ እንደ ያዘ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጎማዎቹን እየገታ ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ወይም ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ያወጣና፣ ነጂዎች «ፍሪ» በሚሉት አኳኋን ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ከእግር ፍሬኑ በቀር መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም። ፍሬኑም ብቻውን ሲሠራ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ በብርቱ ቢረገጥ እንኳ ማቆም ይሳነዋል። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት አደጋ ሁሉ የተበጠሰ ነገር ኖሮበት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጋለው ፍሬን መያዝ አቅቶት ነው። የነዳጁም ቁጠባ ቢሆን ከንቱ ነው፤ የዛሬዎቹ መኪናዎች በማርሽ ተይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ካነሣ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ራሳቸው ይዘጋሉና።

በሁሩታና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ጋሪ የሚነዳ ሰው ግን ይህን ነገር ከመኪና ነጂው አስቀድሞ ያውቀዋል። ፈረሱ በሜዳና በዳገት ጋሪውን ይጎትታል፤ ቁልቁለት በደረሰ ጊዜ ግን የኋላ እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ከኋላው የሚገፋውን ጋሪ ይገታል። የሚጎትተውና የሚይዘው አንዱ ፈረስ ነው እንጂ ሁለት አይደለም። ፈረሱ በቁልቁለት መካከል ከጋሪው ቢፈታ ግን ጋሪው ብቻውን እየተንደረደረ ይሄዳል፤ የሚያቆመውም ወይ ሜዳ ነው፣ ወይ ግንብ ነው፣ ወይ በመንገድ ላይ የተገኘ ሰው ነው።

ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለ ትልቅ መኪና ሳይሆን በኤሌክትሪክ ስለሚዞር ትንሽ ሞተር ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ያው የጋሪው ነገር ነው። ለሞተር የሚሰጠው ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ሞተሩ ሁለት ጠባይ ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው እንደ ተፈታ ፈረስ መልቀቅ ነው፤ ሁለተኛው እግሩን እንደ ተከለ ፈረስ መያዝ ነው። የትኛው እንዲሆን የሚመርጠውም ሞተሩ ራሱ ሳይሆን ሠሪው ነው።

ይህን ማወቅ ለመንደር ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተማሪዎች በሞተር የሚሄዱና ዕቃ የሚያነሡ ትንንሽ መሣሪያዎችን፣ «ሮቦት» የሚባሉትን፣ በእጃቸው እየሠሩ ይወዳደራሉ። ሮቦት ማለት የታዘዘውን ሥራ በኮምፒውተር መሪነት የሚፈጽም መሣሪያ ነው፤ ሰው መምሰል ግድ የለበትም፤ ከነዚህ የውድድር መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚመስሉት ክንድ የተተከለበትን የልጅ ጋሪ ነው። በአሜሪካ አገር ዲን ካሜን የተባለ የመሣሪያ ፈልሳፊ በ1989 «ፈርስት» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1992ም በኒው ሃምፕሸር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ 28 ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2017 ደግሞ የየአገሩ ወጣቶች በአገራቸው ስም የሚሰለፉበት የዓለም ውድድር በዋሽንግተን ከተማ ተጀምሮ፣ ከ150 የሚበልጡ አገሮች ልጆች ተገኙበት። በአገራችንም በ2013 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የኮምፒውተርና የሮቦት ሥራ ለልጆች ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። ለሁሩታ ልጆች ቅርብ የሆነው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም መሐንዲሶችን ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ ከተሰበረ አሻንጉሊት ሞተር እያወጣ ጋሪ የሚሠራ የመንደር ልጅ ነገ ወደዚያ ሥራ የሚገባ ነውና፣ መምህሩ የነገሩን ሥር አስቀድሞ ቢያስጨብጠው መልካም ነው። ጀማሪዎች ስለ ማስኬድ ብዙ ያስባሉ፤ ስለ ማቆም ግን የሚያስቡት ብዙ ጊዜ መሣሪያው ከግድግዳ ጋር ከተጋጨ በኋላ ነው።

ሞተር እንዴት ይይዛል

ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢከፈት በውስጡ የሚገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በዙሪያው የቆመ ማግኔት፣ በመካከሉም የሚዞር የመዳብ ጥቅል ሽቦ። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ከማግኔቱ ጋር እየተሳሳበና እየተገፋፋ ይዞራል። ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው የነገሩ ግልባጭ ነው፤ ይኸውም ሽቦውን በእጅ ወይም በሌላ ኃይል ያዞሩት እንደ ሆነ፣ በተራው ኤሌክትሪክ ያወጣል። በማግኔት ፊት የሚንቀሳቀስ ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ በ1831 የገለጸው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። የሩሲያው ሊቅ ኤሚል ሌንዝ ደግሞ በ1834 አንድ ነገር ጨመረበት፤ በዚህ አኳኋን የተወለደው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ የወለደውን እንቅስቃሴ ይቃወማል አለ። ልጁ አባቱን ይቃወማል እንደ ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ሁሉ መሠረት ይህች የሌንዝ ቃል ናት፤ መምህሩ ሌላውን ቢዘነጋ እንኳ እርስዋን አይዘንጋ።

ሞተርና ዲናሞ አንድ መሣሪያ መሆናቸው በአደባባይ የታየው በ1873 በቪየና ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። በዚያ ዜኖብ ግራም የተባለው ቤልጅጋዊ የሠራቸው ሁለት ዲናሞዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ አንዱ በሞተር ኃይል ሲዞር ኤሌክትሪክ አወጣ፤ ሁለተኛው ያን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ራሱ ዞረ። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫም ከሁሩታ በታች ባለው በአዋሽ ወንዝ ላይ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ውኃው ያዞራል፣ የተዞረውም ኤሌክትሪክ ያወጣል። በልጅ አሻንጉሊት ውስጥ ያለው ሞተርና የቆቃው ማመንጫ በመጠን እጅግ ይራራቁ እንጂ በጠባይ ዘመዳሞች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ሞተር በባትሪ ሲዞር ቆይቶ ባትሪው ቢቋረጥ፣ ሞተሩ በግስጋሴው ገና ይዞራል፤ እየዞረም ሳለ ዲናሞ ሆኖአልና ኤሌክትሪክ ለማውጣት ይሞክራል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ተለያይተው እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ መንገድ ከሌለውም ተቃውሞ የለም፤ ሞተሩ በሰበቃ ብቻ እየደከመ ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህ መልቀቅ ነው። ሁለቱ ጫፎች እርስ በርሳቸው የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ኤሌክትሪኩ በራሱ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ይዞራል፤ እንደ ሌንዝም ቃል እንቅስቃሴውን ይቃወማል፤ ሞተሩም ወዲያው ይገታል። ይህ መያዝ ነው። የሩጫው ኃይል ግን አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ቀርቶአል። አንድን ሞተር ደጋግሞ በማስኬድና በመያዝ የሚያንገላታ ልጅ ጥቂት ቆይቶ ቢዳስሰው ሞቆ ያገኘዋል።

በክፍል ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ይህን ለማሳየት ገንዘብ አያሻም። ከተሰበረ የልጅ መኪና የወጣ ሞተር፣ ሁለት የድንጋይ ባትሪ፣ ጥቂት ሽቦና ከካርቶን የተቈረጠ ክብ ይበቃል። ከአሮጌ ቴፕ የሚወጣ ሞተር ግን ለዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ፍጥነቱን የሚወስን ሌላ መሣሪያ በሆዱ ተከቶበታልና፣ መምህሩን በተማሪዎቹ ፊት ያሳፍረዋል።

ካርቶኑ በሞተሩ ዘንግ ላይ ይሰካ፤ ሞተሩም ከባትሪው ጋር ተገናኝቶ ይዙር። በኋላ ሽቦዎቹ ከባትሪው ይነሡና ጫፎቻቸው ተለያይተው በአየር ይያዙ፤ ልጆቹም ካርቶኑ እስኪቆም ድረስ ጮክ ብለው ይቍጠሩ። ሞተሩ እንደገና ይዙርና፣ በዚህ ጊዜ ሽቦዎቹ ከባትሪው እንደ ተነሡ ወዲያው ጫፎቻቸው ይነካኩ። ልጆቹ መቍጠር ሳይጀምሩ ካርቶኑ ቀጥ ይላል። በዚህ ስፍራ መምህሩ አጥብቆ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ሽቦዎቹ ከባትሪው ጋር እንደ ተገናኙ ጫፎቻቸውን ማነካካት ክልክል ነው። ያን ጊዜ የሚነካካው የሞተሩ ሽቦ ሳይሆን የባትሪው ሁለት ዋልታ ነውና ባትሪው ይግላል፤ ብርቱ ባትሪ ከሆነ ሽቦውን አቅልጦ እጅ ያቃጥላል፤ እሳትም ሊያነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን ጥርስ ያለው ሞተር ይፈልጋል። ለተማሪዎች የሮቦት ሥራ የሚሸጠው፣ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነው ትንሽ ባለ ጥርስ ሞተር ለዚህ ይስማማል። ሞተሩ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በገመድ ይታሰር፤ በዘንጉም ላይ ሲባጎ ተጠቅልሎ በጫፉ ድንጋይ ይንጠልጠል። ድንጋዩ ቀላል ከሆነ የጥርሶቹ ሰበቃ ብቻ ይዞት ይቀራልና፣ መውረድ እስኪጀምር ድረስ በከባድ ይለወጥ። የሽቦዎቹ ጫፎች ተለያይተው ሲለቀቅ ድንጋዩ እየፈጠነ ይወርዳል። ጫፎቹ ተገናኝተው ሲለቀቅ ግን ድንጋዩ በጉድጓድ ውስጥ ገመድ ይዞ እንደሚወርድ ሰው በዝግታ፣ በእኩል ፍጥነት ይወርዳል።

መምህሩ በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያቅርብ። ሞተሩ የሚይዝ ከሆነ ድንጋዩ ለምን ፈጽሞ አይቆምም? ልጆቹ ጥቂት ይከራከሩ፤ መልሱን ለመናገር አይቸኵል። መልሱ እንዲህ ነው፤ የሚይዘው ኃይል የተወለደው ከመዞሩ ነው። በፍጥነት ሲዞር ብርቱ ይሆናል፤ በዝግታ ሲዞር ይደክማል፤ ፈጽሞ ሳይዞር ሲቀር ምንም ኃይል የለውም። ድንጋዩ ቢቆም ኖሮ ያዡም ባልኖረ ነበር፤ ያዡ ከሌለ ደግሞ ድንጋዩ መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ይህ አያያዝ ያዘገያል እንጂ አይቈልፍም። በዚህ ነገር ከፈረሱ ይለያል፤ ፈረሱ ቆሞም ጋሪውን ሊይዝ ይችላል።

ስለ መቆጣጠሪያው

በውድድር ሮቦት ላይ ሽቦን በእጅ የሚያነካካ ሰው የለም። በባትሪውና በሞተሩ መካከል «የሞተር መቆጣጠሪያ» የሚባል ትንሽ ሣጥን ይቀመጣል። በሣጥኑ ሆድ ውስጥ እንደ አራት በሮች የሚቈጠሩ መክፈቻና መዝጊያዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ የሞተር ሽቦ አንዱ በር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ያወጣል። በአንድ ወገን የላይኛው፣ በሌላው ወገን የታችኛው በር ሲከፈት ሞተሩ ወደ ፊት ይዞራል፤ ሲቀያየሩ ወደ ኋላ ይዞራል። አራቱም ሲዘጉ ሽቦዎቹ እንደ ተለያዩ ይቈጠራልና ሞተሩ ይለቀቃል። ሁለቱ የታችኛ በሮች ብቻ ሲከፈቱ ግን ሁለቱ የሞተር ሽቦዎች በኔጋቲቩ በኩል ተገናኙ ማለት ነው፤ ሞተሩም ይያዛል። ሦስት ሽቦ ባለው፣ ብሩሽ በሌለው ሞተር በሮቹ ስድስት ይሆናሉ እንጂ ሕጉ አይለወጥም።

ሠሪው ምርጫውን የሚያስታውቀው በኮምፒውተር ትእዛዝ ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ ባለ ትንሽ ቍልፍ ነው። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች የተመረጠውን ጠባይ በሚያበሩት መብራት ቀለም ያመለክታሉ። ቍልፉን በስሕተት የነካ እጅ ጠባዩን ለውጦት ይሆናልና፣ ከውድድር በፊት መብራቱን አይቶ ማረጋገጥ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።

መቼ ይያዝ፣ መቼስ ይለቀቅ

ለዚህ ሁሉን የሚገዛ አንድ ትእዛዝ የለም፤ የሚወስነው ሞተሩ የተሸከመው ሥራ ነው።

አስቀድሞ መንኰራኵር ለሚያዞሩት ሞተሮች። ከፈርስት ውድድሮች በአንዱ የጨዋታው መጀመሪያ 30 ሴኮንድ ሮቦቱ ያለ ሰው እጅ፣ አስቀድሞ በተጻፈለት ትእዛዝ ብቻ የሚሠራበት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሜትር ሂድና ቁም የተባለ ሮቦት መንኰራኵሮቹ ልቅ ከሆኑ ከአንድ ሜትር አልፎ ይንሸራተታል፤ የወለሉ ልስላሴና የባትሪው ጥንካሬ በተለወጠ ቍጥርም መንሸራተቱ ይለዋወጣልና፣ ዛሬ የተለካው ልክ ነገ አያገለግልም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መያዝ ይመረጣል። ነገር ግን ሮቦቱ ቁመተ ረጅም ሆኖ ክብደቱ ከላይ የሆነ እንደ ሆነ፣ በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ቢያዝ በአፍንጫው ይደፋል። ድርቆሽ እስከ ሰማይ የተጫነበት ጋሪ በድንገት ሲቆም የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መድኃኒቱ መልቀቅ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ከመቍረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ወደ ማቆሚያው ማድረስ ይሻላል።

የግራው ሞተር ተይዞ የቀኙ የተለቀቀ እንደ ሆነ ደግሞ ሮቦቱ በቆመ ቍጥር ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ተማሪዎቹም መንኰራኵሩ ጠሟል፣ ወለሉ ዘንብሏል እያሉ ግማሽ ቀን ይደክማሉ። መምህሩ እንዲህ ያለውን መጥመም ሲያይ በመጀመሪያ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጠባያቸው አንድ መሆኑን ይመርምር።

በፍጥነት እየዞረ ኳስ የሚወረውር ከባድ መንኰራኵር ያለ እንደ ሆነ ግን መልቀቅ ይገባዋል። እርሱን በድንገት መያዝ ያጠራቀመውን ኃይል ሁሉ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ሞተሩ ይግላል፣ ጥርሶቹም ይጎዳሉ፤ የሚገኝ ጥቅም ግን የለም። በራሱ ጊዜ ደክሞ ይቁም።

ዕቃ የሚያነሣ ክንድና ሮቦቱን ራሱን የሚያንጠለጥል መውጫ ከሁሉ ይልቅ ማሰብ የሚያሻቸው ናቸው። በ2022 በጄኔቫ በተደረገው የዓለም ውድድር ሮቦቶቹ በጨዋታው መጨረሻ በምሰሶ ላይ ወጥተው ይንጠለጠሉ ነበር። ጨዋታው አልቆ ኃይሉ ሲቋረጥ ሞተሩ ልቅ የሆነ ሮቦት እንደ በሰለ ፍሬ ወደ መሬት ይወርዳል። የተያዘውም ቢሆን ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ከላይ ከድንጋዩ ፈተና እንደ ታየው መያዝ መቈለፍ አይደለምና። ስለዚህ ብልህ ሠሪ በመያዝ ብቻ አይተማመንም፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ጥርስ ያበጅለታል፣ ወይም ሸክሙ መልሶ ሊያዞረው የማይችል ጠመዝማዛ ጥርስ ያገባበታል። ቬክስ በተባለው የተማሪዎች ሮቦት ሞተር ላይ ከመልቀቅና ከመያዝ ሌላ ሦስተኛ ጠባይ አለ፤ ሞተሩ የቆመበትን ስፍራ ራሱ እየለካ፣ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቍጥር ከባትሪው ኃይል እየወሰደ ይመለሳል። ይህ በእርግጥ ያቆማል፤ ነገር ግን ሳያርፍ ባትሪ ይበላል፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየም ሞተሩን ያግላል።

ስለ ልጆች እጅ

ከዚህ በታች ያለው ክፍል በውድድር ከመሸነፍ የሚከብድ ነገርን ይመለከታል፤ መምህሩም ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ቢያጣ ይህን ሳያነብ ሥራ አያስጀምር።

ክንዱ ወደ ላይ ተነሥቶ የቆመ ሮቦት አለ እንበል። የክንዱ ሞተር በመያዝ ጠባይ ተደርጎአል፤ ክንዱም የማይወድቅ ይመስላል። አንድ ልጅ ከክንዱ ሥር የላላ ብሎን ሊያጠብቅ እጁን ያገባል። ጓደኛው ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ባትሪውን ይነቅላል። በዚያች ቅጽበት ክንዱ በጣቶቹ ላይ ይወድቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያሉት በሮች ተከፍተው የሚቆዩት በባትሪው ኃይል ነው። በጨዋታው መጨረሻ ሮቦቱ እንዳይንቀሳቀስ ቢታዘዝም ባትሪው ገና ተያይዞ ነውና መያዙ ይቀጥላል። ባትሪው ሲነቀል ግን በሮቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ በሮቹ ሲዘጉ ሽቦዎቹ እንደ ተለያዩ ናቸው፤ የተያዘው ሞተርም ልቅ ይሆናል። እንግዲህ በሌላው ሥራ ሁሉ የደኅንነት መጀመሪያ የሆነው ባትሪ መንቀል፣ እዚህ ላይ ብቻውን አደጋ ያመጣል። ትእዛዙ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ክንዱ እስከ ታች ይውረድ፤ ሊወርድ ካልቻለ በእንጨት ይደገፍ ወይም በገመድ ይታሰር፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ይነቀል፤ ከሁሉ በኋላ እጅ ይግባ። ቅደም ተከተሉ አይፋለስ። ሽማግሌዎች ከተነሣ ጋሪ ሥር ገብቶ መንኰራኵር የሚጠግን ሰው አስቀድሞ ባላ እንዲያቆምለት እንደሚያደርጉ፣ ልጆቹም ለክንዱ ባላ ያቁሙለት።

ሌላም አለ። ከባድ ሮቦትን ከስፍራ ወደ ስፍራ በእጅ መግፋት ሲያስፈልግ፣ ባትሪው ተያይዞ መንኰራኵሮቹ የተያዙ ከሆኑ በጭቃ እንደ ተቀረቀረ መኪና እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ወደ መልቀቅ መለወጥ ነው። ባትሪው ተነቅሎም ቢሆን ግን በሩጫ አይገፋ። የሚገፋ ሞተር ዲናሞ ነው ተብሎአልና፣ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል፤ ባትሪ በሌለው ሮቦት ላይ መብራቶች ብልጭ ሲሉ ያዩ ልጆች ጋኔን የገባበት ይመስላቸው ይሆናል። በዝግታ መግፋት መቆጣጠሪያውንም ከመጎዳት ያድነዋል።

ስለ ባቡሩ ጥቂት ቃል

በመያዝ ጊዜ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ከሚጠፋ ለምን ወደ ባትሪው አይመለስም ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ፣ መምህሩ በእርሱ ደስ ይበለው። ይመለሳል፤ ነገር ግን ለዚህ ሽቦዎቹን ማነካካት አይበቃም፤ በሮቹን በብዙ ብልሃት የሚከፍትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ በአዳማ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ይህን ያደርጋል። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሮቹ ዲናሞ ሆነው ባቡሩን ይገታሉ፤ ያወጡትንም ኤሌክትሪክ ከላይ ወደ ተዘረጋው ሽቦ ይመልሳሉ። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ከደጋ ወደ አዳማ የሚወርድ ነጂ በቁልቁለቱ ባትሪው ጥቂት ሲጨምር ያያል። ባትሪው አስቀድሞ ጢም ብሎ የሞላ እንደ ሆነ ግን የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ስፍራ የለውምና ይህ አያያዝ ይደክማል፤ ነጂውም የእግር ፍሬኑን ይፈልጋል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን መምህሩ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ቢያቀርብ ይፈቀዳል።

ጋሪውን በቁልቁለት የሚይዘው ፈረስና ጫፎቹ የተገናኙ ሞተር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያሉ? የድንጋዩን ክብደት እጥፍ ብናደርገው በተያዘው ሞተር ላይ የሚወርድበት ፍጥነት ምን ይሆናል? ይህን ለክተው ይመልሱ እንጂ በግምት አይመልሱ። የጥርሶቹ ሰበቃ ከድንጋዩ ክብደት የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ቢጨምር ተሳስተናል ብለው አይደንግጡ።

የመጨረሻው ጥያቄ የበረቱትን ለመፈተን ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሞተሮች አብረው ተተክለዋል፤ አንዱ እንዲይዝ ሌላው እንዲለቅ ተደርጎአል። ዘንጉ ይያዛል ወይስ ይለቀቃል? መልሱ፤ ይያዛል፤ የያዘው ሞተር የተለቀቀውን ጓደኛውን ጭምር እየጎተተ ይገታልና። ዳሩ ግን አያያዙ ሁለቱ አብረው ቢይዙ ከሚገኘው ግማሽ ነው፤ የሩጫው ሙቀትም ሁሉ በአንዱ ሞተር ላይ ይወርዳል። ተማሪው ሁለቱን ሞተሮች በእጁ ዳስሶ ሥራውን የሠራው የትኛው እንደ ሆነ ይናገር።